የሰባት ሜትር ተኩል ጀልባ ጥገና፦ በኤሌክትሪክ የእጅ መሣሪያዎች ምርጫ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ 7.5 ሜትር ርዝመት ያላትን አንዲት የፋይበር ግላስ ጀልባ፣ ባለቤቷን፣ እንዲሁም በአንድ የጥገና ወቅት የተገዙትን፣ ወደ ጎን የተደረጉትንና የተተኩትን የኤሌክትሪክ የእጅ መሣሪያዎች ይመለከታል። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለችውን ጀልባ ገዝተው አብዛኛውን ጥገና በገዛ እጃቸው ለመሥራት፣ በዚያውም የገዟቸውን መሣሪያዎች ለቤታቸው መደርደሪያ፣ በርና ወንበር ጥገና ለማዋል አስበው ነበር። እኔ የተጠራሁት ሥራው ተጀምሮ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ አንድ ጉዳትም ከደረሰ በኋላ ነው። ታሪኩን በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ስሕተት ደጋግሜ ስለማይ ነው፤ የእሳቸው ጉዳይ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ በማስታወሻ ደብተር ስለተመዘገበ ከሌሎቹ ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል።

ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ በድጋፍ ላይ ስትቆም አምስት ዓይነት ሥራ ይጠብቃት ነበር። ከውኃ በታች የሚውለው ገላዋ፣ ወደ 15 ካሬ ሜትር የሚሆነው፣ አልጌና ሌሎች የውኃ ፍጥረታት እንዳይጣበቁበት ለዓመታት በተደራረበ ቀለም ተሸፍኖ፣ ቀለሙ እንደ ዛፍ ቅርፊት ይነሣ ነበር። የላይኛው ወለል የገመድ ማሰሪያ ብረቶቹ በተተከሉበት አካባቢ ሲረገጥ ይሰረጉዳል፤ በመዶሻ እጀታ ሲመታም ጥርት ያለ ሳይሆን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በውስጥ በኩል ክፍሎቹን የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ከሥሩ በስብሷል። ከውኃ በላይ ያለው ገላ በፀሐይ ነጥቶ ወዙን አጥቷል። ሃያ የሚሆኑ የስቴንለስ ብሎኖችም መፈታት፣ ማስቲሻቸው መታደስና እንደገና መታሰር ነበረባቸው።

ስድስት መሣሪያ በአንድ ቦርሳ

ባለቤቱ የገዙት በአንድ ቦርሳ የሚሸጥ ባለ 18 ቮልት ስብስብ ነበር። በውስጡ ድሪል፣ ኢምፓክት ድራይቨር (እየመታ ብሎን የሚያዞር)፣ ግራይንደር፣ ክብ መጋዝ፣ አነስተኛ ማለስለሻ ማሽንና የእጅ መብራት፣ ከሁለት ባለ 2 አምፒር ሰዓት ባትሪዎችና ከአንድ ቻርጀር ጋር ይዟል። ምርጫቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጀልባዋ ከቆመችበት ቦታ ሶኬቱ ሩቅ ነው፤ ገመድ ከመሰላል ጋር ይጠላለፋል፤ ስድስት መሣሪያ ደግሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ይልቅ ብዙ ሥራ የሚሸፍን ይመስላል።

የመጀመሪያው ችግር በመጀመሪያው ቀን ታየ። በባትሪ ውስጥ የተከማቸው ጉልበት የሚታወቀው ቮልቱ በአምፒር ሰዓቱ ተባዝቶ በሚገኘው ዋት ሰዓት ነው፤ 18 ቮልት በ2 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 36 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ማለስለሻ ማሽኑ ሥራ ላይ ተጭኖ 200 ዋት ያህል ከሳበ፣ ይህ ባትሪ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ አይዘልቅም። በደብተራቸው የሰፈረውም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ አንዱ ባትሪ ዘጠኝ፣ ሌላው አሥር ደቂቃ ሠርቷል፣ እያንዳንዱን ለመሙላትም አንድ ሰዓት ገደማ ወስዷል። ስለዚህ ሁለቱ ባትሪዎች ካለቁ በኋላ ቻርጀሩ የሚፈቅድላቸው ሥራ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ሙሉ ቀን ውለው ያጸዱት ቦታ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አልሞላም። ማሽኑ ብልሽት አልነበረበትም፤ የበር ጠርዝ ወይም የወንበር እግር ለማለስለስ ዛሬም ጥሩ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የከፋ ነበር። ከውኃ በላይ ያለውን ገላ ለመወልወል ፖሊሽ ማድረጊያ ማሽን ስላልነበራቸው፣ በግራይንደሩ ላይ የስፖንጅ ዲስክ አስረው ሞከሩ። ግራይንደሩ ፍጥነት መቀነሻ የለውም፤ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ባለ 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ በዚህ ፍጥነት ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ ከ70 ሜትር በላይ ይጓዛል። ባለ 180 ሚሊ ሜትር የፖሊሽ ስፖንጅ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ግን ጠርዙ በሰከንድ ከ10 ሜትር አይበልጥም። የፋይበር ግላስ ጀልባ የሚያብረቀርቅ ውጫዊ ልባስ፣ ጄልኮት የሚባለው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስመለከተው ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ቢጫ ሆኖ ተቃጥሏል፤ በመካከሉም ልባሱ አልቆ የመስታወት ክሩ ሽመና እንደ ጨርቅ ፈትል በግልጽ ይታይ ነበር። ባለቤቱ ጣታቸውን በቦታው ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ሥራውን በደቂቃ መለካት

ስለ መሣሪያ ከመነጋገራችን በፊት ሥራዎቹን በወረቀት ላይ አሰፈርናቸው። ለእያንዳንዱም ሦስት ጥያቄ ጠየቅን። ሞተሩ ሳያቋርጥ ስንት ደቂቃ ይዞራል? እጅና መሣሪያ የሚገቡበት ቦታ ምን ያህል ነው? እጅ ቢስት የሚበላሸው ነገር በቀላሉ ይጠገናል ወይ? የታችኛውን ቀለም ማንሣትና ገላውን መወልወል ሞተሩ ለሰዓታት የሚዞርባቸው ሥራዎች ሆነው ተገኙ። ቀዳዳ መብሳት በሰከንዶች፣ ብሎን መፍታት በደቂቃ፣ የበሰበሰ ግድግዳ መቁረጥ በአሥርና በሃያ ደቂቃ የሚቆጠሩ ናቸው።

ባለቤቱ ዓምዶቹን ደምረው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይህን ሂሳብ እኮ ዕድሜ ልኬን ለሰው ስሠራው ኖሬአለሁ፤ ምነው ለራሴ ሳልሠራው ቀረሁ?» አሉኝ። እኔም የገዙት ነገር ከንቱ እንዳልሆነ፣ ግማሹ በቦታው እንደሚውል ነገርኳቸው። ይህን ያልኩት ለማጽናናት አልነበረም፤ ድሪሉ ብሩሽ አልባ ሞተር (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ፣ እየተፋተጉ የሚያልቁ የካርቦን ቁራጮች የሌሉት) ያለው፣ ሁለት ፍጥነትና የማጥበቂያ ልክ መቆጣጠሪያ ያለው ጥሩ ድሪል ነበር።

የባትሪው ነገር ግን ገና ከመጀመሪያው ግዢ ተወስኗል። የአንዱ አምራች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በሌላው መሣሪያ ላይ አይገጥምም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ድሪል የሚገዛ ሰው ሳያውቀው የሚቀጥሉትን አምስትና ስድስት መሣሪያዎች አምራች ይመርጣል። ባለቤቱ «20 ቮልት ማክስ» የሚል የሌላ አምራች መሣሪያ አይተው የተሻለ ጉልበት ያለው ስለመሰላቸው ሙሉ ስብስቡን ሊቀይሩ አስበው ነበር። ሁለቱም ግን አንድ ናቸው። በውስጣቸው በተከታታይ የተያያዙ አምስት የሊቲየም ሴሎች አሉ፤ የእያንዳንዱ መደበኛ ቮልቴጅ 3.6 ስለሆነ ድምሩ 18 ይሆናል፣ ባትሪው እንደተሞላ ሥራ ሳይጀምር ሲለካ ደግሞ 20 ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ያሳያል። ልዩነቱ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካበት ሰዓት ነው። ይህን ካስረዳኋቸው በኋላ በያዙት ባትሪ ለመቀጠል ተስማማን፣ ሁለት ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪዎችም ጨመርን፤ እያንዳንዳቸው 90 ዋት ሰዓት ይይዛሉ።

በመጨረሻ የተገዙት አዳዲስ መሣሪያዎች ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛው ከሶኬት የሚሠራ፣ ፍጥነቱ የሚስተካከልና አቧራውን ወደ ቫኪዩም የሚልክ ባለ 150 ሚሊ ሜትር ማለስለሻ ማሽን ነው። ሁለተኛው ከሶኬት የሚሠራ፣ በደቂቃ ከ600 ዙር መነሣት የሚችል ፖሊሽ ማድረጊያ ነው። ሦስተኛው ባትሪ ሳይኖረው ብቻውን የሚሸጠው፣ ቀድሞ የነበሩትን ባትሪዎች የሚጠቀመው መልቲቱል ነው። ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ገመድ፣ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ባትሪ እንዲይዝ ነበር የወሰንነው።

መልቲቱሉ በወለሉ ላይ

ከሦስቱ ሁሉ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው መልቲቱሉን ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ መሣሪያ ምላጩን አያዞርም። ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂት ዲግሪ ብቻ፣ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 20,000 ጊዜ ያርገበግበዋል። የአሠራሩ መነሻ ሕክምና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895 የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ የእጅ መሰርሰሪያ የሠራው የጀርመኑ ፋይን ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለተሰበረ አጥንት የታሰረ ጄሶ የሚቆርጥ የሚርገበገብ መጋዝ አወጣ። ደረቁ ጄሶ በጥርሱ ይቆረጣል፣ ለስላሳው ቆዳ ግን ከምላጩ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ አይቆረጥም። በጀልባ ወለል ላይ የሚፈለገውም ይህን የመሰለ ቁጥጥር ነው።

የጀልባዋ ወለል እንደ ሳንድዊች ነው፤ ከላይና ከታች የፋይበር ግላስ ቆዳ፣ በመካከል የባልሳ እንጨት አለው። የገመድ ማሰሪያዎቹ ብሎኖች ያለፉበት ቀዳዳ ማስቲሹ ሲደርቅ ውኃ አስገብቶ ባልሳውን አበስብሶታል። የላይኛውን ቆዳ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነውን፣ ቆርጦ ማንሣትና የታችኛውን ቆዳ አለመንካት ያስፈልግ ነበር። በክብ መጋዝ መቁረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን መጋዙ ከጠባብ ማዕዘን ላይ አይደርስም፣ ካመለጠም በአንድ ሰከንድ የታችኛውን ቆዳ ይበሳል። ግራይንደሩም ይቆርጣል፣ ግን ቀጥታ መስመሩን ሲጨርስ ማዕዘኑን አልፎ ይሄዳል፣ አቧራውም እንደ ደመና ይነሣል።

ባለቤቱ በእርሳስ ያሰመሩትን ሳጥን በመልቲቱሉ መቁረጥ ሲጀምሩ ፍጥነቱን ከመካከል በታች አድርገው፣ ምላጩን አዘንብለው አስገቡት። ቆዳው እስኪያልፍ ድረስ መሣሪያው በእጅ ላይ ጠንከር ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ባልሳው ላይ ሲደርስ ግን ተቃውሞው በድንገት ይለሰልሳል፣ ድምፁም ወደ ታች ይወርዳል። «እዚህ ላይ ደረሰ» እያሉ በየአንድ ጣት ርቀት እያቆሙ ሄዱ። ቆዳው በስፓቱላ ሲነሣ ከሥሩ የወጣው ባልሳ እንደ ራሰ ትምባሆ ጠቁሮ፣ በጣት ሲጨመቅ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ያንኑ መሣሪያ፣ ምላጩን በመፋቂያ ለውጠው፣ ከታችኛው ቆዳ ላይ ቅሪቱን አነሱበት። በኋላም ባለሦስት ማዕዘን ማለስለሻ ገጥመው ማዕዘኖቹን አጸዱበት። የኮምፔንሳቶውን ግድግዳ የበሰበሰ ሥር ከወለሉ ጋር እኩል አድርጎ የቆረጠውም እርሱ ነው፤ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ከስብስቡ ሌላ አንድም መሣሪያ አይገባም።

ምላጭ ላይ ግን መሳሳት አይገባም። ለእንጨትና ለሚስማር የተሠራው ባለ ጥርስ ምላጭ ፋይበር ግላስ ላይ ሜትር ሳይሄድ ይደነዝዛል፤ ይህን ያየነው የመጀመሪያውን ምላጭ ካቃጠልን በኋላ ነው። የካርባይድ፣ ማለትም እጅግ ጠንካራ የብረት ውሁድ፣ ፍርፋሪ የተጣበቀበት፣ ጥርስ የሌለው ምላጭ ቀሪውን ሥራ ሁሉ ጨርሶ አሁንም ይቆርጣል።

ግራይንደሩም ተገቢ ቦታውን እዚሁ አገኘ። የተነሣው ቆዳ ተመልሶ ሲጣበቅ መገጣጠሚያው እንዲጠነክር ጠርዙ በአንድ ለ12 ምጣኔ መዘንበል አለበት፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተዳፋት ማለት ነው። ይህን ተዳፋት በተነባበረ የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ በጥቂት ደቂቃ የሚያወጣ ከግራይንደር የተሻለ መሣሪያ የለም።

ብሎን፣ ፑንታና አቧራ

ኢምፓክት ድራይቨሩ የደረቁትን ብሎኖች በመፍታት ካቻቪቴ የሚፈጀውን ግማሽ ቀን ወደ ሃያ ደቂቃ አወረደ። ለማሰር ግን ከለከልኳቸው። ስቴንለስ ብሎን በስቴንለስ ዳዶ ውስጥ በፍጥነት ሲዞር ጥርሶቹ ሞቀው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም አይሄድም። ማሰሩ በእጅ ቁልፍ ተሠራ። አዲስ ቀዳዳዎቹም መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፍተው ተበስተው በኢፖክሲ፣ ማለትም ደርቆ በሚጠነክርና ውኃ በማያሳልፍ ሙጫ፣ ከተሞሉ በኋላ በትክክለኛው ልክ እንደገና ተበሱ፤ እንዲህ ከሆነ ማስቲሹ አንድ ቀን ቢያረጅ እንኳ ውኃው የሚያገኘው ኢፖክሲን እንጂ ባልሳን አይሆንም። የማሰሪያዎቹን ስቴንለስ ሳህኖች ለመብሳት ድሪሉን በዝቅተኛው ማርሽ፣ ከኮባልት ፑንታና ከመቁረጫ ዘይት ጋር ተጠቀምን። ስቴንለስ በፍጥነት ሲፈተግ ስለሚጠነክር፣ ዙር ቀንሶ ጫን ማለት ያስፈልጋል።

የታችኛው ቀለም ጉዳይ ከመሣሪያው በላይ የጤና ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ ውሁድ ይይዛል። በዚህ ዕድሜ ባለች ጀልባ ላይ ደግሞ ከሥረኛዎቹ ንብርብሮች መካከል ትሪቡቲልቲን የሚባለው መርዛማ የቆርቆሮ ውሁድ ሊኖር ይችላል፤ እርሱን የከለከለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ2008 ነው። አቧራው እንዳይነሣ በውኃ እያራሱ መፈተግ የተለመደ ምክር ሲሆን፣ ከሶኬት የሚሠራ ማሽንና ውኃ ግን አብረው አይሄዱም። ስለዚህ አብዛኛውን ቀለም በካርባይድ ስለት የእጅ መፋቂያ አነሣን፤ ማሽኑ የመጣው ለቀሪው ስስ ንብርብር፣ ከቫኪዩም ጋር ተያይዞ፣ በቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት ነው። ከሥር የተነጠፈው ሸራ የተፋቀውን ቀለም ሁሉ ሰብስቦ ለአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ተላከ። ሁለታችንም ፒ3 ማጣሪያ (ጥቃቅን አቧራ የሚይዝ) ያለው ጭምብልና ዓይን የሚሸፍን መነጽር አድርገን ነበር፤ ፋይበር ግላሱን ስንቆርጥም እንዲሁ።

የኤሌክትሪክ መስመሩ 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈተልክ ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ እንዲኖረው ያደረግነው የመጀመሪያው ማሽን ከመሰካቱ በፊት ነው። እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ፣ መሰላል ተደግፎ ገመድ ያለው መሣሪያ ለሚይዝ ሰው ይህ ቀርቶ ሌላው ቢሟላ ዋጋ የለውም ብዬ አምናለሁ። ከሞተሩ ክፍል ሥርም ቤንዚን ሸቶን አንድ ሙሉ ቀን ሥራ አቁመን አናፈስነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ ብሩሽ ያለው ሞተር ደግሞ ሲዞር በውስጡ ብልጭታ ይፈጥራል። ብሩሽ አልባው ይህ ብልጭታ ባይኖረውም፣ ትነት ባለበት ቦታ እንዲሠራ የተፈቀደለት መሣሪያ ነው ማለት አይደለም።

ወቅቱ ሲያልቅ

የታችኛው ገላ በአራት ቀን ተጠናቀቀ። ወለሉ ደርቆ፣ አዲስ ባልሳ ገብቶ፣ ቆዳው ተመልሶ እስኪጣበቅ ሁለት ሳምንት ወሰደ፤ አብዛኛው ጊዜ ግን የማድረቂያ ነበር፣ መሣሪያ የተነሣበት ሰዓት በጠቅላላው ከአራት አይበልጥም። የተቃጠለው ቦታ በአዲስ ጄልኮት ተሞልቶ ተፈተገ። ከዚያም በፖሊሽ ማድረጊያው በዝቅተኛ ዙር ሲወለወል ገላው ወዙን መለሰ፣ ምንም እንኳ የተጠገነው ቦታ ከጎን ለሚያየው ሰው አሁንም ጥቂት ነጣ ብሎ ቢታይም።

ከምርጫዬ አንዱ ትክክል አልነበረም። ባለ 150 ሚሊ ሜትሩን ማለስለሻ ማሽን የመረጥኩት ሰፊ ቦታ ቶሎ ይሸፍናል ብዬ ነው። ይሸፍናል፤ ነገር ግን ከጀልባ ሥር ተኝቶ፣ ክንድ ወደ ላይ ዘርግቶ ለሚሠራ በዕድሜ ለገፋ ሰው ክብደቱ ብዙ ነው። በደብተራቸው ሁለተኛ ቀን ላይ «ትከሻ፣ 40 ደቂቃ፣ ዕረፍት» የሚል ማስታወሻ አለ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ 25 ደቂቃ ወርዷል። የጀልባዋ ሆድ ጎባጣ ስለሆነም ሰፊው ዲስክ በብዙ ቦታ የሚነካው በከፊል ብቻ ነበር። ባለ 125 ሚሊ ሜትሩ ቀለል ባለ ክብደቱ ሥራውን በተመሳሳይ ጊዜ ይጨርሰው ነበር፣ ለቤት ዕቃም የበለጠ ይመች ነበር። የሚሠራውን ሰው ትከሻ በሦስቱ ጥያቄዎች ውስጥ አላካተትኩም ነበር፤ አሁን አራተኛ ጥያቄ አድርጌዋለሁ።

ክብ መጋዙ በወቅቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተነሣው፣ ሁለቱንም ጊዜ አዲሱን ኮምፔንሳቶ ለመቁረጥ። በቤታቸው ግን መደርደሪያ ሲሠሩ ብዙ እንደተጠቀሙበት ነግረውኛል። ማለስለሻውና ፖሊሽ ማድረጊያው በቤታቸው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ናቸው። ባትሪዎቹ ግማሽ ያህል ተሞልተው፣ መገናኛ ብረቶቻቸው በደረቅ ጨርቅ ተጠርገው ከቤት ውስጥ መሳቢያ ይቀመጣሉ፤ የጨው እርጥበት ከሚገባበት ጀልባ ውስጥ አይከርሙም። ጀልባዋ ስትወጣ አብረው የሚሄዱት ድሪሉ፣ መልቲቱሉና አንድ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር ያ የማስታወሻ ደብተር፣ አዲስ በተሰመሩ ዓምዶቹ ውስጥ ከሥራው ስም ቀጥሎ ደቂቃው የሚጻፍበት፣ አብሮ ይጫናል።